የማክሰኞ ልቦች

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ጦሳ ጉም ለብሷል።
ከሆስፒታሉ ጓሮ አንዲት ክፍል አለች፣
ድሮ የአንሶላ ማጠቢያ ነበረች፤
ዛሬ ስድስት ወንበር፣ አንድ የግፊት መለኪያ፣
ሲስተር መሬማ፣ እና እኛ።

"ልብህ እንዴት ሰነበተ?" ትለኛለች።
ሾፌር ነኝ እኔ፤ ስለ ሞተር ብትጠይቀኝ
ቫልቩን፣ ፒስተኑን፣ ዘይቱን እዘረዝራለሁ፤
ስለ ልቤ ግን "ደኅና" ብዬ መስኮቱን አያለሁ።
ክኒን ዋጥ፣ ጨው ቀንስ፣ ሲጋራውንም ተው፣
ይኼ ይገባኛል፤ ሐኪም ያዘዘው ነው።
ተሰብስቦ ማውራት? ከማላውቀው ሰው ጋር?
ሴቶች ባሉበት፣ የሆዴን ነገር?

ሐዋ ከከሚሴ በሌሊት ትነሳለች።
ደረቷን ሲወጋት "ጨጓራ ነው" አሏት፣
ቀጥሎ "ንዴት ነው"፣ ቀጥሎ "ዛር ይሆን?" ብለው ጠረጠሯት፤
ሦስት ዓመት ሙሉ ሽሮፕ አጠጧት።
እኔን ግን ደረቴን በያዝኩበት ሌሊት
ሰፈር ተጠራርቶ፣ አምቡላንስ ጮኾ፣ ደረስኩ በሰዓት።
ይኼን ስትናገር ዓይኗን አላነሳችብኝም፤
ጫማዬን አየሁ፤ ጫማዬ መልስ የለውም።

ተዋቡ የሐይቅ ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ።
በልጅነት ጉሮሮዋን ታማ፣ ሳትታከም ቀርታ፣
የልቧ በር ተበላሽቶ አይገጥም።
"ማርገዝ ያሰጋሻል" ብሏታል ሐኪም፤
"ካልወለድሽ ታዲያ ምን ልትሆኝን መጣሽ?" ብላታለች አማቷ።
ሁለቱንም ቃል በአንድ ደረት ይዛ ትመጣለች፣
የሻርፗን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች።

ሁመድ ከባቲ ማዶ፣ ከቆላው ነው፤
አማርኛው ጥቂት፣ ሳቁ ብዙ ነው።
ኦሮምኛ ከገበያ ለምዷል፣
የተናገረው በሐዋ አፍ ወደ እኛ ይመጣል።

አንድ ቀን ሲስተር ጠየቀች፦
"ሐዘን የት ነው የሚቀመጥ?"
ሐዋ ደረቷን ነክታ "ኦኔ" አለች፣ "እዚህ"።
"እኛ ዘንድ ሆድ ነው" አልኩኝ።
"ሆድ ይብሰናል፤ ሆድ ይፍጀው እንላለን።"
ሲስተር ፈገግ አለች፤ "ታዲያ ጋሽ ይመር፣
ሆድ ይፍጀው ብለህ የተበደርከውን
ልብህ ነው የሚከፍል፣ ወር በገባ ቁጥር።"

በዘጠነኛው ማክሰኞ አፌ ተከፈተ።
ሐረጎ ቁልቁለት፣ ዝናብ፣ የስንዴ ጭነት፤
ረዳቴ ሸጋው፣ አሥራ ሰባት ዓመት።
"ታኮ አድርግ!" አልኩት። ዘለለ። ከጎማው ስር ገባ።
መኪናው ታኮውን አልጠበቀም።
ሃያ አንድ ዓመት ለሚስቴ እንኳ አልነገርኩም፤
"አደጋ ነው" ብዬ ፈርሜ፣
እናቱን ለቅሶ ደርሼ፣ ንፍሮ ዘግኜ፣ ወጣሁ።
ክኒን ሳይታዘዝልኝ ገና
የምውጠው እሱን ነበር።

ማንም ለማጽናናት አልቸኮለም።
ግድግዳው ላይ የሰዓቱ ቀጭታ ተሰማ።
ከዚያ ሁመድ፣ አማርኛ የቸገረው ሁመድ፣
እጁን ጉልበቴ ላይ አሳርፎ፦
"አብሽር" አለኝ።
የማን ቋንቋ ናት? የእሱ? የሐዋ? የእኔ?
ባለቤቷን የጠየቀ የለም፤ ለሁላችን በቃች።

ሲስተር ግፊቴን ለካች። አልወረደም።
"መኪና አይደለህ" አለች፣ "በአንድ ቀን ከጋራዥ አትወጣም።"
ያን ሌሊት ግን ተኛሁ፤
ሐረጎን ሳልወርድ ነጋ።

አሁን ስንጨርስ በእግር እንወጣለን፣
ከፒያሳ ወደ ላይ፣ ቀስ ብለን፤
አሥር እርምጃ፣ ማረፍ፤ ሰባት እርምጃ፣ ማረፍ፤
ሁመድ ዱላውን፣ ሐዋ ወሬዋን፣
ተዋቡ ሻርፗን ይዛ።
የደሴ ዳገት ዱሮ በሁለተኛ ማርሽ ስወጣው
እንዲህ ርዝመት አልነበረውም።

ባለፈው አንድ ባለሱቅ ዝግታችንን አይቶ፣
ቆቡን አውልቆ ከበረንዳው ወጣ፦
"ነፍስ ይማር! ማን ሞቶባችሁ ነው?"
ሐዋ ግንቡን ተደግፋ፣ ትንፋሿን እስክትሰበስብ አስጠበቀችው፤
"ማንም!" አለች። "ላለመሞት ነው የምንሄደው።"

ተዋቡ ሳቀች። ሰምተናት አናውቅም ስትስቅ።
ሳቋ እስኪያልቅ ቆምን፣
መንገዱን ዘግተን፤
ከኋላችን አንድ ባጃጅ ክላክስ ያደርጋል፣
ያድርግ።